ሻይ ምግብ ነው እንዴ?

የታተመ ጥናት አለኝ። ይህን ስል ደረቴን ነፍቼ እንዳይመስላችሁ። ከእኔና አብረውኝ ከሠሩት ባልደረቦቼ ሌላ ያነበበው ሰው ቢኖር መጀመሪያ «ይህማ አይታተምም» ብሎ የመለሰብን ገምጋሚ ነው። እሱም ቢሆን በደንብ ማንበቡን እጠራጠራለሁ።

ሙያዬ ፋርማኮሎጂ ነው፤ የመድኃኒት ነገር። ጥናቱ የተዋጠ መድኃኒት ከአንጀት ወደ ደም እንዴት እንደሚሻገር፣ ምን እንደሚያሳልፈውና ምን ይዞ እንደሚያስቀረው ነው የሚያወራው። ያውም በአይጥ አንጀት። እናቴ ይህን ስነግራት «አቦ ተወኝ! ሰፈሩ በሙሉ ወጥመድ ይገዛል፣ የኔ ልጅ አይጥ ያስታምማል» አለችና ለጎረቤቱ ሁሉ አዳረሰችው። ታዲያ ይኸው ወረቀት ትዳሬ ውስጥ ይገባል ብዬ መች አሰብኩ!

ላገባት የፈለግኳት ልጅ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ ትሠራለች። የምትኖረው ሳቢያን ሰፈር ከአባቷ ጋር ነው፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ሁለቱ ብቻ ናቸው። እወዳታለሁ፣ ትወደኛለች፣ እንቅፋታችን የአባቷ ብርድ ነበር። አዎ፣ ብርድ! ዶሮ እንኳ ጥላ በምትሻማበት ድሬዳዋ ሰውዬው ሹራብ ለብሰው፣ በሹራቡ ላይ ጋቢ ደርበው ይቀመጣሉ። ቬንትሌተሩ በጨርቅ ተሸፍኖ ጥግ ይዟል። እንቅርታቸውን በኦፕራሲዮን አስወጥተው ነበርና፣ የወጣው እጢ ይሠራ የነበረውን ሥራ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን እንዲሠራላቸው ታዞላቸዋል። ክኒኑ ግን አልሠራም። ሐኪሙ መጠኑን ጨመረ፣ አሁንም ጨመረ፤ እሳቸው ያው ይበርዳቸዋል፣ ይደክማቸዋል፣ ቁጭ ባሉበት ያንቀላፋሉ።

«አባዬን በዚህ ሁኔታ ጥዬው አልወጣም» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ባለሙያ ነኝና አንድ ቀን ጠየቅኳት፤ «በባዶ ሆዳቸው ነው የሚውጡት?» «በባዶ ሆዱ ነው፤ እኔ ራሴ ነኝ የምሰጠው» አለችኝ። አመንኳት። ፀጉሬ ከፊት ለፊት መሸሽ ሲጀምር ግን ትዕግሥቴ አለቀና ሽማግሌ ላክሁ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። አንዱ አጎቴ ነው፤ የባቡር ጡረተኛ፣ ለእንዲህ ያለ ቀን ብቻ የሚወጣ ወፍራም ሱፍ አለው። ሁለተኛው ጨርቅ ነጋዴው ጎረቤታችን ነው፤ በድሬ ደንብ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ይላል፣ የማያውቀውን ነገር ሲናገር ብቻ ይምላል። ሦስተኛው አንድ የቤተ ክርስቲያን አባት ናቸው፤ ሥራቸው መመረቅ ነው። ፋሲካ ካለፈ ሰነባብቶ፣ ሙቀቱ አናት የሚበሳበት ሰሞን ነበር። ሽማግሌ የላከ ሰው አብሮ አይሄድምና እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ጥፍሬን እበላለሁ።

ስልኬ ጮኸ። አጎቴ ነው፣ ከልጅቷ ቤት ግቢ ውስጥ ሆኖ ያንሾካሹካል።

«ጉድ ፈላ! ላብ በላብ ሆነናል፣ ቬንትሌተር የለም፣ ኮት ማውለቅ ነውር ሆነብን። ሰውዬው ልጁ ምን ይሠራል ቢሉኝ ያንን ጽሑፍህን አውጥቼ ሰጠኋቸው።»

«ማን ውሰደው አለህ?»

«ታዲያ መሬት የለህ፣ መኪና የለህ፣ ምን ላሳያቸው? ገለባበጡና በአማርኛ ምን ይላል አሉኝ።»

በአማርኛ ምን እንደሚል አጎቴ አያውቅም። ነጋዴው ነው የደረሰለት። «መድኃኒት ሆድ ገብቶ እንዳይቀር የሚያደርግ ጥበብ ነው፣ ዓለም ያወቀው፣ ወላሂ!» ብሎ ማለላቸው። የልጅቷ አባትም ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «እንዲያ ከሆነ የኔ ክኒን ለምን እንደማይደርስ ይንገረኝ። ከነገረኝ ስለ ልጄ እንነጋገራለን፤ ካልነገረኝ ሽማግሌ መጣ አልልም» አሉ።

«አጎቴ፣ እኔ እኮ ሐኪም አይደለሁም።»

«ዛሬ ነህ!» አለኝ።

ከኋላው የቤተ ክርስቲያኑ አባት ድምፅ ተሰማኝ፤ ነፋስ ፍለጋ ወጥተው ኖሯል። «በዐቢይ ጾምማ ይሻላቸዋል አሉ፤ ሹራቡንም ያወልቃሉ። ፋሲካ ሲያልፍ ይመለስባቸዋል። ይኸው የጾም በረከት አይደል?»

ከወንበሬ ተነሣሁ። በጾም የሚሠራ፣ በፍስክ የሚተኛ ክኒን! በጾም ምን ይቀራል? ሥጋው፣ ቅቤው፣ ወተቱ...

«አጎቴ! ክኒኑን በምንድን ነው የሚውጡት?»

«በአፋቸው ነዋ!»

«በውሃ ነው ወይ ነው የምልህ! ግባና ጠይቅ!»

ገብቶ ተመለሰ። «በሻይ በወተት ነው። ጠዋት ጠዋት ልጅቷ አፍልታ ከክኒኑ ጋር ታመጣላቸዋለች።»

«በባዶ ሆድ ነው አልተባለም እንዴ?»

«እሱንም ጠየቅኳቸው። ሻይ ምግብ ነው እንዴ? አሉኝ። እውነታቸውን እኮ ነው።»

«ሻይማ ምግብ አይደለም፣ ወላሂ» አለ ተከትሎት የወጣው ነጋዴ። የቤተ ክርስቲያኑም አባት ተስማሙ። ለነገሩ በዚህ ከተማ «እህል አልቀመስኩም» የሚል ሰው ስንት ብርጭቆ ሻይ ጠጥቶ እንደሆነ እኔስ አጣሁት? ያቺም ልጅ ስጠይቃት «በባዶ ሆዱ» ያለችኝ ለዚህ ነው፤ አልዋሸችኝም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። ወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም ክኒኑን አንጀት ውስጥ ጨብጦ ይይዘዋል፣ ወደ ደም አያሳልፈውም፤ በውሃ ብቻ ይዋጡት፣ ሻዩን ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይተው ይጠጡ፤ ደግሞ አስቀድመው ለሐኪማቸው ይንገሩ፣ መጠኑ እየተጨመረ የሄደው ወተቱ ስለያዘው ነውና አሁን ሊበዛባቸው ይችላል። አጎቴ «ገባኝ፣ ገባኝ» አለ። የገባው «ወተት» የምትለዋ ብቻ ነበረች።

ስልኩን ሳይዘጋ ኪሱ ከተተው። ሁሉን ሰማሁ። ጉሮሮውን ጠረገና «ልጃችን ደርሶበታል። የያዘዎት ልጅዎ የምታፈላልዎት ሻይ ነው» አለ። በዚያች ሰዓት ለእንግዶቹ ሻይ በወተት በትሪ ይዛ የገባችው ማን ትሁን? እሷ። ብርጭቆዎቹ ሲንቀጫቀጩ ይሰማኛል።

«ልጄን ልትጠይቁ ነው የመጣችሁት ወይስ ልትከሷት?» አሉ አባትየው።

ሽማግሌዎቹ ምርቃት እንኳ ሳያገኙ ወጡ። አጎቴን ያን ቀን ብይዘው ከነሱፉ ውሃ ውስጥ እነክረው ነበር።

ማታ ደወለችልኝ፤ ድምፅዋ በለቅሶ ታፍኗል። «እኔ ነኝ አባቴን ሳበርደው የከረምኩት?»

«እንደዚያ አላልኩም።»

«ብለሃል! ትሪ ይዤ ቆሜ ነው የሰማሁት። እናቴ ከሞተች ጀምሮ አንድ ቀን ሳላፈላለት ወጥቼ አላውቅም!» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ቁጭ ብዬ ራሴን ስረግም አመሸሁ። የተናገርኩት ልክ ነው፤ ልክ መሆኑ ግን ያን ምሽት ምንም አልፈየደልኝም።

ቢሆንም ሐቀኛ ናት፤ በማግስቱ ጠዋት፣ ሌሊቱን በጽሑፍ እንደላክሁላት፣ ክኒኑን በውሃ ሰጠቻቸው፣ ሻዩንም አንድ ሰዓት ቆይተው እንዲጠጡ ነግራ ወጣች። «ውሃማ ለእስረኛ ነው» ብለው አኮረፉ፣ ለእሷ ብለው ግን ዋጡት። ሳምንታት ሲያልፉ መጀመሪያ ጋቢው ወረደ፣ ከዚያ ሹራቡ ወለቀ። ቬንትሌተሩም ጨርቁ ተገፎለት መዞር ጀመረ። ወዲያው ደግሞ ነገሩ ከልኩ አለፈ፤ ልባቸው ይመታል፣ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ የባጃጅ ሹፌር ባዩ ቁጥር ይጣላሉ። ለሐኪም ንገሩ ያልኩትን ማን አስታወሰው! ተሯሩጠው ወሰዷቸው፤ ሐኪሙ የወተቱን ታሪክ ሲሰማ ደማቸውን አስመርምሮ መጠኑን ቀነሰና ረጋ አሉ። እሷም ደውላ «አባዬ ድኗል። አንተን ግን ገና ይቅር አላልኩህም» አለችኝ። ደስታዬ እግሬን አላስቆም አለኝ። ክኒኑ ደርሷል፣ ምክንያት አልቋል!

መስቀል ካለፈ በኋላ ሽማግሌዎቹን መልሼ ላክሁ። አጎቴን ስለ ሻይ አንዳች ቃል እንዳይተነፍስ አስማልኩት። ስልኬ ሲጮህ እልል ልል ነበር፤ የመጣው ድምፅ ግን የአጎቴ አይደለም።

«አንተ ነህ ጸሐፊው?» ስልኩን ከአጎቴ ተቀብለው የሚናገሩት አባትየው ራሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ነገር በየትኛውም ሽምግልና ተሰምቶ አይታወቅም።

«አዎ፣ አባባ።»

«ስማኝ። ድኛለሁ፣ አልክድም። ግን አንድ ነገር ወስደህብኛል። ልጄ የፋብሪካው ሰርቪስ እንዳያመልጣት በማለዳ ነው የምትወጣው። ድሮ ክኒኑንና ሻዩን አንድ ላይ ታመጣና አብረን ጠጥተን ትሄዳለች። ከእሷ ጋር የማወራው ያኔ ብቻ ነው፤ ማታማ ደክሟት ትተኛለች። አሁን ክኒኑን ከዋጥክ በኋላ ጠብቅ አልከኝ። ብጠብቅ እሷ ሄዳለች። ታዲያ ምን እንደማደርግ ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ አባባ።»

«ወፍ ሳይንጫጫ እነሣለሁ። በጨለማ ክኒኑን በውሃ እውጥና እሷ እስክትነሣ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ሰዓቱ ሲሞላልኝ እሷም ትነሣለች፣ ሻያችንን እንጠጣለን። አልነገርኳትም። እንቅልፍ ያጣሁ ይመስላታል። አሁን ወስደሃት ስትሄድ ለማን ብዬ ነው የምነሣው?»

አንጀቴን በሉት። ያን ሁሉ ዘመን ስለ አንድ ክኒን ስመራመር ዋጪው ሰው ጠዋት ከማን ጋር እንደሚቀመጥ አስቤ አላውቅም። እንባዬ መጣ፣ አልደበቅኩትም። «ሳቢያን ቤት እንከራያለን» አልኳቸው፣ እናቴንም ማንንም ሳላማክር። «ጠዋት ጠዋት ከእርስዎ ጋር ነው የምንጠጣው።»

«አንተም ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ።»

«እንቅልፋም ነው ብላኛለች።»

«ነኝ። ግን እመጣለሁ።»

ከስልኩ ራቅ ሲሉ ይሰማኛል። «እናንተ ሰዎች፣ ተቀመጡ» አሉ። «ልጄን ሰጥቻለሁ።»

ነጋዴው «አልሐምዱሊላህ!» አለ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አባት ምርቃታቸውን ጀመሩ። በመሀል የእሷ ድምፅ መጣ፣ ከበሩ አካባቢ፣ ቀጭን ሆኖ።

«አባዬ... በየቀኑ በጨለማ ትነሣ ነበር?»

አባትየው ግን «ምን ትቆሚያለሽ፣ እንግዶቹ እኮ ምንም አልቀረበላቸውም» አሏት።