ውሻውን ያናገርኩ ጊዜ

ወታደሮች ከአማኑኤል ከተማ የወሰዱኝ በገበያ ቀን፣ ሰው እያየ ነው። ሲዲ ቤት ነበረኝ። የጥንት ጥቁርና ነጭ ካርቱኖች በዲስክ ታትመው ሲመጡ እገዛለሁ፤ ንግግር ስለሌላቸው በአማርኛ ድምፅ ሰጥቼ፣ አባዝቼ እሸጣለሁ። ከሁሉም የተወደደልኝ ቆብ ያደረገ ዘበኛ ውሻ ያለበት ነው። ውሻው ዶሮዎቹን በር ላይ አስቁሞ ላባቸውን ሲበረብር እንደ ኬላ ወታደር «መታወቂያ!» አስባልኩት። አገሩ ሁሉ ሳቀ። የተያዝኩት በዚህ ነው።

ያሰሩን ደብረ ማርቆስ ዳር፣ ድሮ እህልና ማዳበሪያ ይከማችበት በነበረ መጋዘን ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት የማዳበሪያ ሽታ ዓይኔን አቃጠለኝ። ጠጋ ብለው ቦታ የለቀቁልኝ አንድ ሽማግሌ፣ የይጁቤ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ተፈልጎ ሲታጣ በእሱ ፈንታ ነው ያመጧቸው።

«አንተስ ምን አድርገህ ነው?» አሉኝ።

«ውሻ አናግሬ፣ አባቴ።»

ትንሽ አሰቡ። «እውነተኛ ውሻ?»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሁለታችንንም ወደ ግቢው አወጡን። የጠባቂዎቹ አለቃ ላፕቶፕ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ያንኑ ዲስክ ከፍቷል። ውሻው በሳንቃ ተመትቶ እንደ ወረቀት መሬት ላይ ይለጠፋል፤ ተነሥቶ አቧራውን ያራግፋል፤ ደግሞ ይመታል። ጠባቂዎቹ ይንከተከታሉ። አለቃውም ከልቡ ሳቀ። ከዚያ ላፕቶፑን ከደነና ሽማግሌውን በደረታቸው አስተኛቸው።

«እኔ ስመታ አንተ ድምፅ ስጥ» አለኝ። «ልክ እንደ ካርቱኑ። እንሳቅበት።»

በእጁ የያዘው ወፍራም የኤሌክትሪክ ገመድ ነው። የመጀመሪያው ሲያርፍ ሸሚዛቸው ተተረተረ።

«ድምፅ!»

በሁለተኛው ደም ወጣ። ድምፅ ብሰጥ ስቀው ይተዋቸው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። አፌን ከፈትኩ። ሽማግሌው ጉንጫቸው አፈር እንደነካ አዩኝ።

«ተው ልጄ» አሉ። «መሳቂያ አታድርገኝ።»

አፌን ዘጋሁ።

አለቃው ገመዱን ጥሎ መጣ። «የማይሠራ አፍ ምን ያደርግልሃል?» አለና ካንዱ ጠባቂ ጠመንጃ ተቀብሎ በሰደፉ መታኝ። ጥርሶቼ ምላሴ ላይ ሲረግፉ ተሰማኝ። ከወደቅኩም በኋላ መታኝ። ቀጥሎ ወደ ሽማግሌው ተመለሰ፤ እጁ እስኪዝል ገረፋቸው።

ጎትተው መጋዘኑ ውስጥ ጣሉን። ሽማግሌው በክርናቸው እየተሳቡ አጠገቤ ደረሱ። ከጋቢያቸው ጫፍ ቀደው፣ ለመጠጥ በተሰጠን ውሃ ነክረው አፌን ጠረጉልኝ።

«ሰማህ?» አሉኝ።

መናገር ስላልቻልኩ ምኑን እንደሆነ በዓይኔ ጠየቅኋቸው።

«አንድም ሰው አልሳቀም።»

ጨርቁን ከእጃቸው ወሰድኩ። አስተኛኋቸውና ሥጋቸው ላይ የተጣበቀውን ሸሚዝ ቀስ ብዬ እያላቀቅኩ ጀርባቸውን አጠብኩላቸው።

ከእኔ በፊት ተፈቱ። ከይጁቤ የሚመጡ ሰዎች እንደሚነግሩኝ፣ ዛሬም ሲቀመጡ ግድግዳ አይደገፉም።

እኔም ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። የፊት ጥርስ ስለሌለኝ አንዳንዱ ፊደል ያፏጭብኛል፤ ልጆች ሆን ብዬ የማደርገው እየመሰላቸው ይወዱታል። ካርቱኑ ውስጥ አንዱ ሲመታ ግን ድምፅ አልሰጥም፤ ሙዚቃው ብቻ ይሰማል። አንዳንድ ደንበኞች «እዚህ ጋ ድምፁ ይጠፋል» እያሉ ዲስኩን ይመልሱልኛል። ለውጬ ሌላ እሰጣቸዋለሁ። ያም እዚያው ቦታ ሲደርስ ዝም ይላል።