ሳንጃ አልደርስ ያለው ድምፅ

ምስጢር አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንላትም። ጎንደር፣ አዘዞ ባለው ቤታቸው ስልኳን ይዛ ከሳሎን ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ሳሎን ትመላለሳለች። አባቷ መሪጌታ ኃይለ ማርያም የዜማ መምህር ነበሩ፤ ጉሮሯቸው ከታመመ ወዲህ ሐኪም ማዜም ከልክሏቸዋል። ደግነቱ ኮምፒውተር የተማረችው እሷ፣ ከሕመሙ በፊት ድምፃቸውን ቀድታ ድረ ገጽ ላይ አኑራዋለች።

ውጭ አገር ያሉ ተማሪዎቻቸው «ወዲያው ይከፈታል» እያሉ ያመሰግኗታል። ልደት ሲቃረብ ግን አንዱ ተማሪያቸው ቄስ አስናቀው ከሳንጃ ደወሉ።

«ማኅሌቱን የምመራው እኔ ነኝ፤ አንዷ ዜማ ጠፋችብኝ። ገጹ እየዞረ ይቀራል!»

በነጋታው በሚኒባስ ሳንጃ ወረደች። በቄሱ ስልክ ብትሞክር እውነትም አይከፈትም። ዜማዋን ከራሷ ስልክ ገልብጣ ሰጠቻቸው።

«እኔስ አንቺ መጣሽልኝ። በአርማጭሆ ያሉት ሌሎቹ የየኔታ ተማሪዎችስ?» አሉ። «ምነው ሌላው ድረ ገጽ ሲከፈት የእኛው ብቻ እንዲህ ሆነ?»

«ድምፁ የተቀመጠው አሜሪካ ባለ ሰርቨር፣ ማለትም ድረ ገጹን በያዘ ኮምፒውተር ላይ ነው። ስልክዎ የጠየቀው ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ሄዶ ነው መልሱ የሚመጣው። እኔ ደግሞ ገጹን በፎቶ ሞልቼዋለሁ፤ ምልልሱ በዛ። ኔትወርኩ ሲደክም መሐል ላይ ይቋረጣል።»

«የየኔታ ድምፅ ከጎንደር ሳንጃ ለመምጣት በአሜሪካ ይዞራል?»

ምስጢር ስትመለስ እንኳ ሚኒባሱ ውስጥ አላረፈችም፤ አዲስ አበባ ሰርቨር ለሚያከራይ ድርጅት ጻፈች። ድረ ገጹን ወደዚያ አዛወረች፣ ፎቶዎቹን አነሳች፣ የድምፁን ፋይል አሳነሰች።

«ትንሽ አረፍ በይ እንጂ፣ ልጄ» አሏት አባቷ በሹክሹክታ።

አላረፈችም። አሁን ደግሞ ከአሜሪካ «ምነው ዘገየ?» የሚል መልእክት መጣ። ስለዚህ አንድ ቅጂ እዚያ፣ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ አስቀመጠች፤ ለእያንዳንዱ ሰው የሚቀርበው ቅጂ እንዲከፈትለት አደረገች።

ከልደት በኋላ ቄስ አስናቀው ደወሉ። «ተከፈተ! ስሚ» ብለው ስልኩን ዜማው ወደሚሰማበት ሌላ ስልክ አስጠጉት። ምስጢር ስልኳን ለአባቷ አቀበለች። መሪጌታ የገዛ ድምፃቸውን ከሳንጃ ሲሰሙ ከንፈራቸው ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ፤ ጣታቸው ወንበሩን ይመታ ጀመር።

እሷ ግን ዜማው ሳያልቅ ስልኩ ላይ ጎንበስ ብላ፣ «ቄስ አስናቀው፣ ከሳንጃ ወዲያ ባሉት ቀበሌዎችስ ሞክረውታል?» አለች።