ለጀሪካኖቹ የተደረገ ንግግር

ዛሬ ጠዋት ሳሊተ ምሕረት አካባቢ አንድ የወረዳ ሰው ለባዶ ጀሪካኖች ንግግር ሲያደርግ አየሁ።

የሸማቾች ሱቅ በር ላይ የድጎማ ዘይት እየጠበቅን ነበር። ፀሐዩ ሲበረታብን ጀሪካኖቻችንን በየተራችን ደርድረን እኛ ጥላ ስር ተቀመጥን። እኔ ሴራሚክ አንጣፊ ነኝ፤ ግንባታ ከቀዘቀዘ ወዲህ ለወረፋ ጊዜ አላጣም።

ሰውየው መጥቶ መንግሥት ገበያውን እንዴት እያረጋጋ እንደሆነ አስረዳ። ጀሪካኖቹ በጥሞና አዳመጡት፤ አንዱም አላቋረጠውም።

"ጥያቄ ያለው አለ?" አለ ሲጨርስ።

ጎረቤቴ እትዬ ዘነቡ ከጥላው ስር "ልጄ፣ ዘይቱ ዛሬ ይመጣል?" አሉት።

"እሱን እኔም አላውቅም፣ እማማ።"

ከዚያ ከላፕቶፕ ቦርሳው ትንሽዬ ጀሪካን አወጣና ከሁሉም ኋላ አስቀመጠ። እኛም ጠጋ ጠጋ ብለን ሰውየውን ጥላው ስር አስቀመጥነው።

እስቲ እናንተም ሰፈራችሁ ወረፋ ላይ ማንን እንዳገኛችሁ ጻፉልኝ።