እናቴ ለጦርነቱ ያወጣችው ስም

ዛሬ ጠዋት እዚህ ገርጂ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ፣ በጀሪካን የተከልኩትን ቲማቲም ስኮተኩት ነበር። የአስመራዋ ጎረቤቴ ለተብርሃን አጠገቤ ቁጭ ብላለች። አንተ የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ መጣህና «አጎቴ በባድመ ጦርነት ነው የሞተው» አልካት።

«እኛ ወረራው ነው የምንለው» አለችህ።

ደነገጥኩ፤ ጉርብትናችን ሊቀር ነው ብዬ። እጄ ቲማቲም ቅጠል ቅጠል ሸተተኝና ሙሴ ትዝ አለኝ። ልጅ ሆኜ ወሎ ሰፈር አጥር ለአጥር የሚጎራበተን ጣልያን መካኒክ ነበር። እጁ ግሪስና የቲማቲም ቅጠል ይሸታል፤ መትከል ያስተማረኝም እሱ ነው።

እናቴ የወንድሟን ተዝካር ስታወጣ ሙሴም መጣ። «ወንድሜ በጠላት ጊዜ ነው የሞተው» አለችው።

እሱም አንገቱን ደፍቶ፣ «የኔም ወንድም በአቢሲኒያ ዘመቻ፣ እዚሁ አገር ቀረ» አላት።

«እማዬ፣ ጠላት ሙሴ ነው እንዴ?» አልኩ።

ቆነጠጠችኝ። ከዚያ ጠላ ቀዳችለትና፣ «እንካ ጠጣ፣ ያኔ ለሞቱት ሁሉ ነው» አለችው። ከዚያ ወዲያ እሱ ፊት «በጠላት ጊዜ» ብላ አታውቅም፤ «ያኔ» ነው የምትለው። እኔማ የጦርነቱ ስም የጠፋባት ይመስለኝ ነበር።

የቀላውን ቲማቲም ቆረጥኩና ለለተብርሃን ሰጠኋት። «ልጄ የሞተው ያኔ ነው» አልኳት።

ቲማቲሙን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። «የኔም ልጅ ያኔ ነው» አለችኝ። «ያንቺው ስሙ ማን ነበር?»