የደስታነሽ ጌም ቤት እና ሰባተኛው በር

የምስራች! ኧረ የምስራች ነው የምላችሁ! «ምስር ብላ» የሚል ሰው ጠፋ እንዴ በዚህ ከተማ? እንዲህ ያለ ደስታ ፍኖተ ሰላም ከገባ ስንት ጊዜው! የማን ደስታ እንደሆነ ግን አሁን አልናገርም። ደስታን ያለ ጭንቀቱ ቢያወሩት አይጥምም፤ የዚህን ጭንቀት ደግሞ ከደስታነሽ በላይ የቀመሰው የለም። ስለዚህ ከእሷ ልጀምር።

ደስታነሽ መናኸሪያው ጀርባ ያለችው የጌም ቤት ባለቤት ናት። አርባዎቹን አጋምሳለች። የቀኝ አውራ ጣቷን ብትነኩት እንደ አራሽ መዳፍ ጠንካራ ነው፤ ጥንካሬው ግን ከሞፈር የመጣ አይደለም፣ ከጆይስቲክ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በጆሮ ነው። ልጅ ሳለች ታናሽ ወንድሟ ባዬ ከትምህርት ቤት እየጠፋ፣ አንድ የአዲስ አበባ ሰው በከፈተው ጌም ቤት ይውል ነበር። እናታቸው እማማ አደይ «ሂጂና ጆሮውን ይዘሽ ጎትተሽ አምጪልኝ» ብለው ላኳት። ሄደች። ጆሮውንም ያዘች። እንደያዘችው ዓይኗ ቴሌቪዥኑ ላይ ወደቀ፤ መጥረቢያ የያዘች ሰማያዊ ለባሽ ሴት አጽሞችን እንደ አገዳ እያጨደች ወደ ቀኝ ትገሰግሳለች። ደስታነሽ የወንድሟን ጆሮ ቀስ ብላ ለቀቀች።

«ለመምታት የቱ ነው የሚጫነው?» አለችው።

አመሻሽ ላይ እማማ አደይ ራሳቸው መጡና ሁለቱንም በጆሮ ይዘው ወሰዷቸው።

ሰውዬው ወደ አገሩ ሲመለስ ማሽኖቹን ደስታነሽ ተረከበች። ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር ተለወጠ! ስስ ቴሌቪዥን የደረደሩ የኳስ ጌም ቤቶች ተከፈቱ፣ ወጣቱም ጌሙን ስልኩ ውስጥ አስገባው። የእሷ ቤት ግን አልተዘጋም። ደንበኞቿ ያኔ ከትምህርት ቤት ሲጠፉ የነበሩት ናቸው፤ ዛሬ ከቢሮ ይጠፋሉ። ከመካከላቸው አንዱ ከአዴት መጥቶ እዚህ ሂሳብ የሚያስተምረው ምናለ ነው።

«እኔ እኮ የአሥራ ስድስት ቢት ሰው ነኝ» ይላል፣ ክራቫቱን ኪሱ ውስጥ እየከተተ። «ከዚያ በኋላ የመጣውን ጌም ሁሉ አላውቀውም።»

«ይኼንንስ መቼ አወቅኸው?» ትለዋለች ደስታነሽ። «አንደኛው በር ላይ ሦስቱንም ነፍስህን ጨርሰሃል። ለተማሪዎችህ ልንገርልህ?»

የቤቱ ንጉሥ የሆነው ካሴት ላዩ ላይ በጃፓንኛ ተጽፎበት ነበር። ጽሑፉንም ማንም ሳያነበው እጅ በላው። የፍኖተ ሰላም ልጆች ራሳቸው «ሰባት በር» ብለው ስም አወጡለት። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሆኖ ይጫወተዋል፤ አንዱ ሰማያዊ ለባሿ ባለ መጥረቢያ፣ አንዱ ቀይ ለባሹ ባለ ሰይፍ። ሁለቱም ካልተራመዱ ስክሪኑ ወደፊት አይሄድም። ጓደኛውን ጥሎ መሮጥ የሚባል ነገር እዚያ ጌም ውስጥ የለም። ሌላው ጠባዩ ደግሞ የደረሱበትን አያስቀምጥም። ማሽኑ ከጠፋ ድካሙ ሁሉ ገደል ገባ፣ እንደገና ከአንደኛው በር ነው። ስለዚህ ያልጨረሰ ሰው ጌሙን ፖዝ አድርጎ ባለበት ያቆምና ቴሌቪዥኑን ብቻ ያጠፋል፤ ማሽኑ ላይ ነጠላ ጣል ይደረግበታል። በዚያ ቤት ነጠላ የለበሰ ማሽን ባለቤት አለው፤ ማንም አይነካውም።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ፣ እህትና ወንድም በከተማው ማንም ደርሶበት የማያውቀው ሰባተኛው በር ላይ ደረሱ። በሩ የራስ ቅል ነው። አፉ መግቢያው፣ ዓይኖቹ መስኮቶቹ። ባዬ ሰይፉን ሊሰነዝር ሲል የመምቻው ቁልፍ እምቢ አለው።

«እታለም፣ ጆይስቲኩ ከዳኝ!»

«ጣትህ ነው የከዳህ፣ አንተ ሽማግሌ!»

ፖዝ አድርገው ፈትተው አዩት። ውስጡ ያለው ላስቲክ ተበጥሷል። ባዬ ተነስቶ ቀዩን ሹራቡን አጠለቀ።

«ቡሬ ራዲዮ ጠጋኙ ገብረሰንበት ዘንድ ሌላ ጆይስቲክ አይቻለሁ። ነገ ጧት ሄጄ ለከሰዓት እደርሳለሁ» አለ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ ጣቱን ቀሰረባት። «እንዳታጠፊው! ብታጠፊው በሕይወት አትጠብቂኝ!»

«ሂድ ወዲያ፣ አፈ ክፉ!» ብላ ነጠላዋን ማሽኑ ላይ ጣለች።

በማግስቱ ባዬ ሄደ። ከሰዓት ላይ መናኸሪያው ጭር አለ። ከቡሬ የሚመጣ መኪና ጠፋ። «መንገዱ ተዘግቷል» ተባለ፤ ማን እንደዘጋው የሚጠይቅ አልነበረም። አመሻሹ ላይ ስልኩም ተከተለ። ሱቆቹ ከወትሮው ቀድመው ተቆለፉ፤ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ በግድግዳ ጥግ ጥግ ይሄድ ጀመር። ደስታነሽ የጌም ቤቷን በር ገርበብ አድርጋ ቆመች። ከጀርባዋ፣ ከነጠላው ሥር፣ የማሽኑ ትንሽ ቀይ መብራት እንደ ፍም ትታያለች። ያኔ ነው የወንድሟ ቀልድ ከሆዷ የገባው።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ሌላው ሰው ጧፍ ይዞ ቆሟል። እሷ ባዶ እጇን ዘርግታ፣ ለማንም የማይነገር ስለት ተሳለች፦ ጊዮርጊስ ባዬን በሰላም እስኪመልስላት ድረስ ያቺ ቀይ መብራት አትጠፋም። እንደ ጧፍ ቆጠረቻት። ደግሞም በሆዷ ገልብጣ አሰበችው፤ መብራቷ ከጠፋች ባዬ የለም።

መብራቱ ወዲያው ሄደ። መላው ከተማ ጨለመ። ደስታነሽ ግን አሁን ጅጋ የሚኖሩት እማማ አደይ የላኩላት የሶላር ባትሪ ነበራት፤ መብራቱ ሳይሄድ ቀድማ ሽቦውን ማሽኑ ላይ አሥራዋለች። ቀን ፀሐይ ስታገኝ ትሞላዋለች፣ ዳመና ሲሆን እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሰማይ ሰማይ ታያለች። ደንበኞቿን መለሰች። ማሽኑን እየዳሰሰች ትውላለች። ሲነኩት የወባ በሽተኛ ግንባር ነው፤ ክፍሉም የተለበለበ ፕላስቲክ ይሸታል።

አልፎ አልፎ መብራቱ ብልጭ ሲል ቴሌቪዥኑን ትከፍታለች። ሰማያዊዋ ቆማለች። ቀዩ አጠገቧ፣ ሰይፉን አጋማሽ ላይ አንስቶ ቀርቷል። በስተ ቀኝ የራስ ቅሉ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ቴሌቪዥኑ አርጅቶ ነው መሰል ቀለሙ እየለቀቀ ነበር፤ እየለቀቀ ያለው ደግሞ ቀዩ ነው። በከፈተችው ቁጥር የወንድሟ ልብስ አመድ እየመሰለ ሄደ። በሩም የቀረበው ይመስላታል። ፖዝ የተደረገ ጌም እንደማይንቀሳቀስ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሆኖም በሩ ቀርቧል።

ጎረቤቷ እትዬ ወለተጊዮርጊስ እህል ሊያቀምሷት ሲገቡ አዩት።

«ደስታዬ፣ ይኼ ነገር ደስ አላለኝም» አሉ። «ሰው መብራት ለታቦት ነው የሚያበራው።»

«ስለት ነው፣ እትዬ። አይንኩብኝ።»

«ስለት በፕላስቲክ ይገባል እንዴ? ኧረ በማርያም! አጥፊውና ነይ ከእኛ ጋር ዋይ። ልጄ እፀገነት መውለጃዋ ደርሷል፤ ብታጫውቻት ለሁለታችሁም ደግ ነው።»

«እርስዎ አያውቁትም። ካጠፋሁት ይሞታል።»

እትዬ ወለተጊዮርጊስ አማትበው ወጡ፤ ሄደውም ለንስሐ አባቷ ነገሩባት። ቄሱ መጡ፣ መብራቷን አጎንብሰው አዩ።

«ልጄ፣ የሰው ነፍስ በሽቦ አትታሰርም» አሉ። «ስለት ሰው ራሱን የሚያስርበት ነው። አንቺ ግን ፈጣሪን ልታስሪው ነው የሞከርሽው።»

«አጥፊው ብለው ያዙኛል እንግዲህ?»

«አላዝሽም። ባጠፋሽው ቀን እንዳትፈሪ ነው የምልሽ።»

እሷ ግን ፈራች። ይባስ ብሎ በቡሬ መንገድ ካለችው ማንኩሳ በኩል በእግር የመጣ አንድ ነጋዴ፣ ከዝናብ ሊጠለል በረንዳዋ ላይ ቆሞ ለሰው ሲያወራ ሰማችው። «ቀይ ሹራብ የለበሰ ሰው መንገድ ዳር ተዘርሮ አየን» አለ። «ማን ይቆማል? አልፈን መጣን።»

ደስታነሽ ወደ ውስጥ ሮጣ ነጠላውን ገለጠች። መብራቷ በርታለች። «አለ» አለች ድምጿን አውጥታ። «በርቷል፣ አለ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ከማሽኑ አጠገብ አልተነሳችም።

ትናንት ከሰዓት ሰማዩ እንደ ከሰል ጠቆረ። ላህ ወንዝ ሞልቶ ሲያጓራ እስከ መናኸሪያው ይሰማል። በሩ በእግር ተገፋ፤ እትዬ ወለተጊዮርጊስ ነጠላ እንኳ ሳይደርቡ፣ ውሃ እየተንጠፈጠፉ ገቡ።

«ደስታነሽ! እፀገነት ምጧ ጸንቷል። ልጁ በእግሩ ነው የመጣው። ጤና ጣቢያው ጨለማ ነው፣ ለጄኔሬተሩ ነዳጅ የለም፣ ስልኮቻችን ሁሉ ሞተዋል። አዋላጇ ‹ሳላይ እጄን አላስገባም› አለች…»

ዓይናቸው ባትሪው ላይ አረፈ። ከባትሪው ሽቦውን ተከትሎ ቀይዋ መብራት ላይ ደረሰ። ያን ያህል «አጥፊው» ሲሉ የከረሙት ሴትዮ አሁን ቃሉ ከአፋቸው አልወጣ አለ።

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉ። «አውቃለሁ። ሌላ ባገኝ ኖሮ…»

ደስታነሽ ወደ ማሽኑ ዞረች። ቴሌቪዥኑ ጨለማ ነው፤ እሷ ግን ያለ ስክሪን ታየዋለች። ቀዩ ሰይፉን እንዳነሳ ቆሟል፣ በሩ አፉን ከፍቷል። ጓደኛውን ጥሎ መሮጥ የሌለበት ጌም ነው። ሽቦውን ያዘች።

«ባዬ፣ ይቅር በለኝ» አለችና መነጨቀችው።

መብራቷ ወዲያው አልጠፋችም። ደብዘዝ፣ ደብዘዝ አለች፤ ከዚያ የለችም።

ባትሪውን በጋቢ ጠቅልላ ጭቃውን እየሰነጠቀች ሮጠች። ጤና ጣቢያው እንደደረሰች ባትሪው ላይ አምፖል አሠረችና በራሷ እጅ ይዛ ከአዋላጇ በላይ ቆመች። «ከፍ! ወደ ግራ! አትነቃነቂ!» ትላታለች አዋላጇ፤ እጇ እንደ ድንጋይ ጸና። ሕፃኑ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። ዝም አለ። ደስታነሽ በሆዷ «ሁለት ገደልኩ» አለች። አዋላጇ ገልብጣ ጀርባውን አሸችው፣ አሸችው… ልጁም የጤና ጣቢያውን ቆርቆሮ የሚያናውጥ ጩኸት ለቀቀው! እትዬ ወለተጊዮርጊስ እልል አሉ። ደስታነሽ አምፖሉን ለሰው አስይዛ፣ ማንንም ሳትሰናበት ወጣች።

ዛሬ ጧት የጌም ቤቷ ወለል ላይ ተቀምጣ ነበር። ነጠላውን አጥፋ ጭኗ ላይ አድርጋዋለች። ጥቁር ለመልበስ ሳጥኗን መክፈት ብቻ ቀርቷት ነበር። በሩ ተገፋ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ጉንጩ የጎደጎደ፣ ሹራቡ ቀለሙን ለቆ አመድ የመሰለ ሰው ቆመ። እጁ ላይ ፌስታል አንጠልጥሏል። እሷን አላያትም፤ ማሽኑን ነው ያየው።

«አጠፋሽው?!» አለ።

ደስታነሽ በጉልበቷ ሄዳ ሁለት እግሩን ከነጭቃው አቀፈችው።

«እታለም፣ እንዴ! ሰባተኛው በር እኮ ነበርን!»

«ዝም በል! ዝም በልና ልንካህ!»

ባዬ ጆይስቲኩን ይዞ ከቡሬ በእግሩ ሲመለስ፣ ማንኩሳ ሳይደርስ ወባ ጣለው። ብዙ ሰው አልፎት ሄደ፤ በኋላ ገበሬዎች በቃሬዛ አንስተው ቤታቸው አስተኙት፣ አጥሚት እያጠጡ አስታመሙት። ከዚያ መደብ ላይ ራሱን ችሎ የተነሳው ትናንት ነው።

«ትናንት መቼ?» አለች ደስታነሽ።

«ከሰዓት። ሰማዩ ሲጠቁር። እንደው ድንገት እግሬ ታዘዘልኝ። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ወጣሁና ግማሹን በጋሪ፣ ግማሹን በእግሬ።»

የደስታነሽ ሳቅ ፈነዳ፤ ከሰፈሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ነው የተሰማው። «ያን ሁሉ ጊዜ እኔው ነኛ ፖዝ አድርጌ የያዝኩህ!» አለች፣ እንባዋ በሳቋ ላይ እየወረደ። ቄሱ ሰምተው መጡ፤ «አልነገርኩሽም» አላሉም፣ ፈገግ ብለው መስቀላቸውን አሳለሟት። እትዬ ወለተጊዮርጊስ ከአራሷ ገንፎ አጋማሹን ጨልፈው ለባዬ ይዘው ከተፍ አሉ። መምህር ምናለም ክራቫቱን ኪሱ ከትቶ ደረሰ። ባትሪው ከጤና ጣቢያ ተመልሷል፤ እህትና ወንድሙ በዚህ ሰዓት አዲሱን ጆይስቲክ ሰክተው አንደኛው በር ላይ ናቸው፣ ባዬም እየተሰደበ ነው!

እማማ አደይ ግን ገና አልሰሙም! ስልኩ አሁንም እንደጠፋ ነው፤ እሳቸውም የልጃቸውን መጥፋት በመንገደኛ ሰምተው ጅጋ እያለቀሱ ነው። የጅጋው ባጃጅ ሊንቀሳቀስ ሞተሩን አስነስቷል፣ አንድ ወንበር ቀርቶታል። «ምስር ብላ»ን ከእሳቸው አፍ ማንም አይቀድመኝም፤ በሉ ደህና ዋሉ፣ ሮጥኩ! ኧረ አንተ ባለ ባጃጅ፣ ቁም!