ክፉው ደም

ሽማግሌው በየሦስት ወሩ ከአልዩ አምባ ዳገቱን ወጥተው ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ይመጣሉ። በሽርጣቸው ላይ የሌላ ሰው የሚመስል ሰፊ ካፖርት ደርበው፣ ማንም ሳያዛቸው ግራ እጅጌያቸውን ሰብስበው ይቀመጣሉ። ደም የምትቀዳው ለተጊዮርጊስ ስማቸውን ከካርዱ ላይ ብታነበውም "አባባ" ነው የምትላቸው።

ከወንዝ የያዛቸው የቢልሃርዚያ ትል በመድኃኒቱ መጥፋት አለመጥፋቱ የሚታየው በደማቸው ነው። እሳቸው ግን ምርመራውን እንደ ዋግምት ቆጥረውታል። መርፌው ሲገባ "ቢስሚላህ" ይላሉ፤ ብልቃጧ ስትሞላ ቅር ይላቸዋል።

"ትንሽ ጨምሪ እንጂ ልጄ፤ ክፉው ደም ተንጠፍጥፎ ይውጣ።"

"ለማየት ብቻ እኮ ነው፣ አባባ።"

እሺ ይላሉ። በሦስት ወሩ ሲመለሱም ያንኑ ይላሉ።

የዛሬው ውጤት ንጹሕ ሆነ። "ድነዋል፤ ከእንግዲህ መመላለስ የለብዎትም" አለቻቸው።

"አልሐምዱሊላህ" ብለው ካፖርታቸውን ቆለፉ። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ቆም አሉና ሁለት ዓመት ሲያብሰለስሉት የኖሩትን ጠየቁ።

"ያን ሁሉ ደም የት ደፋችሁት?"

"ይቃጠላል፣ አባባ።"

ፊታቸው ፈታ አለ።

"ደግ አደረጋችሁ። ወንዝ እንዳይገባ ብዬ ነው፤ ልጆች ይዋኙበታል።"