የአባቴ ጣት የሚያውቀው ኪቦርድ

የአባቴን ታይፕ ለቆራሌ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ማስተባበያ የለኝም። ስትሮክ መትቷቸው ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ቤቱን ላጽዳ ብዬ ተነሳሁና ያንን የሚያህል ብረት በሁለት ጆግ ለወጥኩት። የቀለም ጥብጣቡ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል፣ ምን ያደርጋል አልኩ። አንዳንዴ ጅል ነኝ።

በዚያ ታይፕ ነው ያሳደጉን። ጅማ ፖስታ ቤት በር ላይ፣ ጃንጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ከሰቃና ከሰርቦ ለሚመጣ ባለጉዳይ ማመልከቻ ይጽፉ ነበር። ሰውየው ብሶቱን በኦሮምኛ ይዘረግፋል፤ እሳቸው «ኤዬ፣ ኤዬ» እያሉ ያዳምጡታል፤ ጣታቸው ለአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት የሚሆን አማርኛ ይመታል። ቁልፎቹን አያዩም፤ የሚያዩት የሰውየውን ዓይን ነው። ምሳ ሳደርስላቸው ቆሜ ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ያ የቁልፎቹ ድምፅ አሁንም ይናፍቀኛል።

ከሆስፒታል ሲመለሱ ታይፑን አጡት። «ኸይር ነው» ብቻ አሉ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ግን በየጠዋቱ ኮፍያቸውን አድርገው በር ላይ ይቆማሉ፤ ወደ ቦታቸው መሄድ ይፈልጋሉ። እኔ ደግሞ እንዳይወጡ ከለከልኳቸው። እግራቸው ይጎተታል፣ መንገዱ ላይ ባጃጅ ይርመሰመሳል። እቤት የሚጽፉበት ነገር ካገኙ ልባቸው ያርፋል ብዬ አሰብኩ።

አወቱ መንደራ ሰፈር ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ከአንድ ደንበኛዬ የገዛሁት፣ ክፍሉ ሁሉ እየተፈታ የሚቀየር ላፕቶፕ ነበረኝ። ኪቦርዱ ለብቻው ይነሳል፤ የሚያዘው ፕሮግራምም ለማንም ክፍት ስለሆነ የትኛው ቁልፍ ምን ይጻፍ የሚለውን ራስሽ ትወስኛለሽ። መጀመሪያ እንደ ሰው ሁሉ አማርኛን በላቲን ቁልፍ እንዲጽፉ ላስተምራቸው ሞከርኩ። «‹ለ›ን ለመጻፍ ፈረንጅ ላስፈቅድ?» ብለው ገፉት። እንግዲያው የታይፑን አቀማመጥ እሠራላቸዋለሁ አልኩ።

«አባ፣ ‹መ› የት ነበረች?» ስላቸው አያውቁም። ዕድሜ ልካቸውን የመቱትን! «እኔ ምን አውቄ፣ ጣቴን ጠይቂው» አሉኝ። ትሪ ላይ ዱቄት ነሰነስኩና ፊታቸው አኖርኩት። አንድ በአንድ ቃል እየጠራሁላቸው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ዱቄቱን ይመታሉ፤ እኔ የጣታቸውን አሻራ እያየሁ እጽፋለሁ። ሦስት ሳምንት እንዲህ አመሸን። እንደዚያ ቅርብ ለቅርብ የተቀመጥንበት ጊዜ አልነበረም።

ኪቦርዱ ያለቀ ቀን የመጀመሪያውን መስመር ጻፉና፣ ታይፕ መስሏቸው ወደ ቀጣዩ መስመር ለማለፍ ስክሪኑን በግራ እጃቸው ወደ ጎን ገፉት። ላፕቶፑን ከአየር ላይ ቀለብኩት። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ስክሪኑ ላይ ይህ ጠበቀኝ፦

«ለክብርት ልጄ፣ ባሉበት። ጉዳዩ፦ ወደ ሥራ ቦታዬ እንድመለስ እንዲፈቀድልኝ ስለመጠየቅ። አመልካች ኪቦርዱን በሚገባ ተረክቤያለሁ፤ አላህ ይስጥልኝ። ሆኖም ያለ ባለጉዳይ ማመልከቻ አይጻፍም። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ፖስታ ቤት በር እንዲያደርሱኝ በትሕትና አመለክታለሁ።»

አባቴ እርስዎ ብለውኝ አያውቁም። ሳቅኩ፤ አንጀቴንም በሉት። ግን ክረምት ነው፣ ጭቃ ነው። «አባ፣ መስከረም ይጥባና እናየዋለን» አልኳቸው። «ኢንሻአላህ» አሉና ላፕቶፑን ቀስ ብለው ዘጉት።

«እናየዋለን» የመሥሪያ ቤት መልስ ነው። ስንቱ ባለጉዳይ ያንን መልስ ይዞ እሳቸው ዘንድ ተመልሷል። ከገዛ ልጃቸውም ያንኑ ተቀበሉ። ነሐሴ ሳያልቅ ሞቱ።

ከቤታችን ፖስታ ቤት በባጃጅ አምስት ደቂቃ ነው።